ውኃና አየር በአንድ ቫልቭ ሲያልፉ፦ የጥምር ፍሰትን የግፊት ቅነሳ እንዴት እንገምታለን?

መግቢያ

ከደብረ ታቦር ተነሥቶ ወደ ወልድያ የሚጓዝ መንገደኛ የጉናን ተራራ ወደ ኋላ ትቶ ከላይ ጋይንቷ ንፋስ መውጫ ሲደርስ፣ ይህ ስም ለከተማዋ ያለ ምክንያት እንዳልወጣላት ለመረዳት ጊዜ አይፈጅበትም። ከተማዋ ከባሕር ጠለል በላይ ከ3000 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ትገኛለች፤ ነፋሱንም ቅዝቃዜውንም የሰጣት ይኸው ከፍታ ነው። በዚህ ጽሑፍ የምንመለከተው ግን በሜዳ ላይ የሚነፍሰውን ነፋስ ሳይሆን ከውኃ ጋር ተቀላቅሎ በቧንቧ ውስጥ የሚጓዘውን ነው።

ውኃ በፈረቃ በሚታደልበት ከተማ የኖረ ሰው ሁሉ የሚከተለውን ሳያስተውል አይቀርም። ለቀናት ተቋርጦ የነበረው ውኃ ሲመለስ ቧንቧው በመጀመሪያ ያፏጫል፤ ቀጥሎ ይተፋል፤ ከዚያ ነጭ፣ ወተት የመሰለ ውኃ ይወርዳል፤ ጥቂት ቆይቶም ይጠራል። ቆጣሪው ገና ጠብታ ሳይወርድ መሽከርከር ይጀምራል። በቦኖ ዙሪያ ጀሪካን ደርድረው የሚጠብቁ እናቶችና ልጆች ይህን ሁሉ «አየር ገባበት» በሚል አንድ ዐረፍተ ነገር ይገልጹታል። አባባሉ ትክክል ነው። ለፊዚክስ ተማሪ ግን ከዚህ የሚቀጥል ጥያቄ አለ። አየሩ የውኃውን መንገድ የሚያጠበው በምን ያህል ነው? በተለይም ቫልቭ በሚባለው ጠባብ በር ሲያልፍ ስንት ግፊት ይወስድብናል?

ጥያቄው የመማሪያ ክፍል ጥያቄ ብቻ አይደለም። በመሬት ስበት ብቻ፣ ያለ ፓምፕ፣ ከምንጭ ወደ መንደር በሚወርድ የውኃ መስመር ላይ ግፊት የተወሰነ ሀብት ነው። ከፍታው የሰጠውን ያህል ብቻ አለን፤ ከዚያ በላይ መግዣ የለንም። ስለዚህ በግምታችን ላይ የምንፈጽመው ስሕተት በመጨረሻ የሚቆጠረው በጀሪካን ነው።

ውኃ ብቻ ሲያልፍ

ከቀላሉ እንጀምር። በቧንቧ ውስጥ ውኃ ብቻ ሲፈስ በአንድ ቫልቭ ላይ የሚጠፋው ግፊት በሚከተለው ቀመር ይገመታል።

የግፊት ቅነሳ = የመሰናክል ቁጥር × እፍግታ × ፍጥነት² ÷ 2

እዚህ ላይ «የመሰናክል ቁጥር» የምንለው ቫልቩ ለፍሰቱ ምን ያህል እንቅፋት እንደሚሆን የሚገልጽ፣ አሐድ የሌለው ቁጥር ነው። የሚገኘውም በሙከራ እንጂ በንድፈ ሐሳብ ብቻ አይደለም። ሙሉ በሙሉ የተከፈተ ጌት ቫልቭ፣ ማለትም ውስጡ እንደ መዝጊያ ወደ ላይና ወደ ታች የሚንቀሳቀስ ሰሌዳ ያለው ዓይነት፣ የመሰናክል ቁጥሩ ወደ 0.2 ይጠጋል። ግሎብ ቫልቭ የሚባለው፣ ውኃው በውስጡ ወደ ላይ ተጠምዝዞ በክዳን ሥር እንዲያልፍ የሚያስገድደው ዓይነት ደግሞ፣ ሙሉ በሙሉ ተከፍቶም ቁጥሩ ወደ 10 ይደርሳል። የሁለቱ ልዩነት 50 እጥፍ ነው። ጌት ቫልቭም ቢሆን ሦስት አራተኛው ከተዘጋ ቁጥሩ ወደ 17 ገደማ ያድጋል። በግማሽ ልብ የተከፈተ ቫልቭ እንዳልተከፈተ የሚቆጠረው በዚህ ምክንያት ነው።

አንድ ምሳሌ እንውሰድ። የውስጥ ስፋቱ 50 ሚሊሜትር በሆነ ቧንቧ በሰከንድ 2 ሊትር ውኃ ይፈስሳል እንበል። የቧንቧው ክፍተት 0.00196 ካሬ ሜትር ስለሆነ የውኃው ፍጥነት በሰከንድ 1.02 ሜትር ይሆናል። እፍግታውን 1000 ኪሎግራም በሜትር ኩብ ብንወስድ «እፍግታ × ፍጥነት² ÷ 2» የሚሰጠን 519 ፓስካል ነው። እንግዲህ ጌት ቫልቩ የሚወስደው 0.1 ኪሎፓስካል ገደማ፣ ግሎብ ቫልቩ ደግሞ 5.2 ኪሎፓስካል ነው። አንድ ሜትር ከፍታ ያለው ውኃ የሚሰጠው ግፊት 9.8 ኪሎፓስካል መሆኑን ካስታወስን፣ አንድ ግሎብ ቫልቭ ከግማሽ ሜትር ትንሽ የሚበልጥ ከፍታ «ይበላብናል» ማለት ነው።

ግፊቱ የሚጠፋው የት ላይ ነው?

ዳንኤል በርኑሊ እ.ኤ.አ. በ1738 ባሳተመው የሃይድሮዳይናሚክስ መጽሐፉ ያስረዳው መሠረታዊ ሐሳብ ፈሳሽ ፍጥነቱ ሲጨምር ግፊቱ እንደሚቀንስ ነው። ቫልቭ የፍሰቱ ጉሮሮ ነው። ውኃው ወደ ጉሮሮው ሲገባ ይፈጥናል፤ ግፊቱም በድንገት ይወርዳል። ከጉሮሮው ሲወጣ ደግሞ ይዘገያል፤ ግፊቱም በከፊል ይመለሳል። ሙሉ በሙሉ የማይመለሰው ከጉሮሮው በኋላ ውኃው ተምዘግዝጎ ከቀሰስተኛው ውኃ ጋር ሲጋጭ፣ ሲሽከረከርና ሲናወጥ ከእንቅስቃሴ ጉልበቱ ከፊሉ ወደ ሙቀት ስለሚለወጥ ነው።

ከዚህ ሁለት የተለያዩ ግፊቶችን መለየት እንዳለብን እንማራለን። አንደኛው በጉሮሮው ላይ የሚታየው ዝቅተኛ ግፊት ነው። ሁለተኛው ፍሰቱ ከተረጋጋ በኋላ የሚቀረው ቋሚ ቅነሳ ነው። ከላይ ያለው ቀመር የሚነግረን ሁለተኛውን ብቻ ነው። እኛም ከአገር ውጪ በተማርንባቸው ዓመታት በአንድ የሙከራ መስመር ላይ የግፊት መለኪያውን ከቫልቩ መውጫ ጋር አጠጋግተን በመትከላችን፣ ያልተረጋጋውን ግፊት ስናነብብ ሰንብተን ለሳምንት ያህል የደከምንበትን መረጃ ጥለነዋል። መለኪያ ከቫልቩ በኋላ ቢያንስ የቧንቧውን ስፋት ብዙ እጥፍ ያህል ርቆ መተከል እንዳለበት ያስተማረን ያ ሳምንት ነው።

የጉሮሮው ዝቅተኛ ግፊት ግን ለሌላ ነገር እጅግ ያስፈልገናል። አየር ከውኃ የሚለየው፣ አንዳንዴም ውኃው ራሱ የሚፈላው እዚያ ነው።

የከፍታው ድርሻ

በደጋ የኖረ ሰው ሁሉ ባቄላና ሽምብራ ከቆላው ይልቅ በደጋ ለመብሰል ጊዜ እንደሚፈጁ ያውቃል። ምክንያቱ የከባቢ አየር ግፊት ነው። በባሕር ጠለል ላይ ይህ ግፊት 101 ኪሎፓስካል ገደማ ሲሆን፣ ንፋስ መውጫን በ3100 ሜትር ከፍታ ላይ ብናስባት የመደበኛ ከባቢ አየር ስሌት ወደ 69 ኪሎፓስካል ይሰጠናል። በዚህ ግፊት ውኃ የሚፈላው በ90 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ነው። ድስቱ ይንተከተካል፤ ነገር ግን የሚንተከተከው ውኃ ሙቀቱ አነስተኛ ስለሆነ ንፍሮው ይዘገያል።

ይኸው ሕግ በቫልቭ ጉሮሮም ይሠራል። ውኃ በሙቀት ብቻ ሳይሆን ግፊቱ በበቂ ሁኔታ ሲወርድም ይፈላል። በ15 ዲግሪ ሴልሺየስ ያለ ቀዝቃዛ ውኃ ግፊቱ ወደ 1.7 ኪሎፓስካል ከወረደ ያለ እሳት ይፈላል። በጉሮሮው የተፈጠሩት የእንፋሎት አረፋዎች ግፊቱ ሲመለስ በድንገት ይጨፈለቃሉ። በጭፍለቃውም ብረት የሚቦረቡር ጉልበት ይለቀቃል። ይህ ክስተት ካቪቴሽን ይባላል፤ በቫልቭ ውስጥ ጠጠር የሚንቀጫቀጭ የሚመስል ድምፅ ከተሰማ ምልክቱ እርሱ ነው።

ከቫልቩ በፊት የ10 ሜትር ውኃ ግፊት፣ ማለትም 98 ኪሎፓስካል አለ እንበል። በባሕር ጠለል ላይ አጠቃላይ ግፊቱ፣ የከባቢ አየሩ ተደምሮ፣ 199 ኪሎፓስካል ይሆናል፤ በንፋስ መውጫ ግን 167 ብቻ ነው። በበርኑሊ ሐሳብ ስናሰላው፣ ካቪቴሽን ለመጀመር በጉሮሮው የሚያስፈልገው ፍጥነት በባሕር ጠለል በሰከንድ 20 ሜትር ገደማ ሲሆን በንፋስ መውጫ ወደ 18 ሜትር ይወርዳል። ስለዚህ በቆላ በሰላም የሠራ ቫልቭ በደጋ ሊጮኽ ይችላል። በቫልቭ ስሌት ሁልጊዜ መለኪያው የሚያሳየውን ብቻ ሳይሆን የከባቢ አየሩን ግፊት ጨምረን አጠቃላዩን ግፊት መጠቀም ያለብን ለዚህ ነው።

አየሩ ከየት ይመጣል?

በውኃ መስመር ውስጥ አየር በሦስት መንገድ ይገባል። የመጀመሪያው ባዶ የቆየ ቧንቧ ሲሞላ ውኃው አየሩን ከፊቱ እየገፋ፣ ከፊሉንም እየዋጠ መምጣቱ ነው። በፈረቃ በሚሠራ መስመር ይህ በየዙሩ ይደጋገማል። ሁለተኛው በምንጩ ማጠራቀሚያ ውስጥ የውኃው መጠን ሲያንስ የቧንቧው አፍ ከውኃው ጋር አየር መሳቡ ነው። ሦስተኛው በውኃው ውስጥ የሟሟው አየር ነው። ቀዝቃዛ ውኃ በመደበኛ ግፊት ከይዘቱ ወደ 2 በመቶ የሚጠጋ አየር አሟሙቶ ይይዛል፤ ግፊት ሲቀንስ ወይም ሙቀት ሲጨምር ይህ አየር በአረፋ መልክ ይወጣል። ወተት የመሰለው ውኃ ንጹሕ ሆኖ ሳለ ነጭ የሚመስለው እጅግ ደቃቅ በሆኑት በእነዚህ አረፋዎች ምክንያት ነው።

በተራራማ አገር መስመሩ እንደ መሬቱ ይወጣል፣ ይወርዳል። አየር ቀላል ስለሆነ በየጉብታው አናት ላይ ይከማቻል፤ ከዚያም ፍሰቱ ሲበረታ ተነቅሎ በጥቅል ወደ ቀጣዩ ቫልቭ ይደርሳል። ሁለት የቁስ አካል ሁነቶች፣ ማለትም ፈሳሽና ጋዝ፣ በአንድነት የሚጓዙበትን እንዲህ ያለውን ፍሰት ከዚህ በኋላ «ጥምር ፍሰት» እንለዋለን።

ቫልቭ የሚያየው ክብደትን ሳይሆን ይዘትን ነው

የዚህ ጽሑፍ ዋና ነጥብ እዚህ ላይ ነው። ከላይ በወሰድነው ቧንቧ በሰከንድ 2 ሊትር ውኃና ከእርሱ ጋር 1 ሊትር አየር ይጓዛሉ እንበል። ግፊቱ 167 ኪሎፓስካል፣ ሙቀቱም 15 ዲግሪ ሴልሺየስ ነው። በዚህ ሁኔታ የአየሩ እፍግታ 2.02 ኪሎግራም በሜትር ኩብ ይሆናል። ስለዚህ በየሰከንዱ የሚያልፈው ውኃ 2 ኪሎግራም ሲመዝን አየሩ 2 ግራም ብቻ ይመዝናል። በመጠነ ቁስ አየሩ ከሺህ አንድ ነው። በይዘት ግን ከሦስት አንድ ነው።

ብዙ ተማሪዎች «ከሺህ አንድ» የሚለውን ሲሰሙ አየሩን ከስሌቱ ለመጣል ይቸኩላሉ። ፍሰቱ ግን በጉሮሮው ማለፍ ያለበት ከነይዘቱ ነው። ይህን ለማስላት ቀላሉ ዘዴ «የአንድነት ሞዴል» ልንለው የምንችለው ነው። በዚህ ሞዴል አየሩና ውኃው በእኩል ፍጥነት የሚጓዙ፣ ፍጹም የተደባለቁ፣ እንደ አንድ ፈሳሽ የሚቆጠሩ ናቸው ብለን እንገምታለን። ያን ጊዜ፣

የጥምር ፍሰት ቅነሳ = የውኃ ብቻ ቅነሳ × ማባዣ

ማባዣ = 1 + (የእፍግታ ንጽጽር − 1) × የአየር ድርሻ

የእፍግታ ንጽጽር የምንለው የውኃው እፍግታ ለአየሩ እፍግታ ሲካፈል የሚገኘው ሲሆን፣ በምሳሌያችን 1000 ÷ 2.02 = 495 ነው። የአየር ድርሻ ደግሞ በመጠነ ቁስ የተለካው፣ ማለትም 0.00101 ነው። ማባዣውም 1 + 494 × 0.00101 = 1.5 ይሆናል። የግሎብ ቫልቩ ቅነሳ ከ5.2 ወደ 7.8 ኪሎፓስካል አደገ። ከሺህ አንድ የሆነው አየር ግማሽ ያህል ቅነሳ ጨመረ ማለት ነው።

ከፍታውም እዚህ ላይ ድርሻ አለው። ያው 2 ግራም አየር በባሕር ጠለል ቢሆን ኖሮ በ199 ኪሎፓስካል ተጨምቆ ይዘቱ 0.84 ሊትር ብቻ፣ ማባዣውም 1.42 በሆነ ነበር። በደጋ አየሩ የበለጠ ይሰፋል፤ መንገዱንም የበለጠ ያጠብባል።

አየርና ውኃ እኩል አይሮጡም

የአንድነት ሞዴል ጥሩ መነሻ ነው፤ ግን አንድ ጉድለት አለበት። አየርና ውኃ በእውነቱ እኩል አይፈጥኑም። በጉሮሮው ግፊት ሲወርድ ቀላሉ አየር ቶሎ ይፈጥናል፤ ከባዱ ውኃ ወደ ኋላ ይቀራል። ቫልቩ ጠመዝማዛ ሲሆን ደግሞ ሁለቱ ይለያያሉ፣ ይጋጫሉ፣ እንደገና ይደባለቃሉ። ይህ ሁሉ ጉልበት ይፈጃል።

በቀጥተኛ ቧንቧ ላይ የዚህን ችግር መፍትሔ በስፋት የከፈቱት ሎክሃርትና ማርቲኔሊ እ.ኤ.አ. በ1949 ያሳተሙት ጥናት ነው። ሐሳቡን ወደ ቫልቭና ወደ ሌሎች መገጣጠሚያዎች ካስፋፉት መካከል ቺዝም ይገኝበታል፤ እ.ኤ.አ. በ1983 ባሳተመው መጽሐፉ የተጠቀመበት ማባዣ የሚከተለው ነው።

ማባዣ = 1 + (የእፍግታ ንጽጽር − 1) × [ለ × ድርሻ × (1 − ድርሻ) + ድርሻ²]

«ለ» እንደ መገጣጠሚያው ዓይነት የሚለያይ ቁጥር ነው፤ ለጌት ቫልቭ 1.5፣ ለግሎብ ቫልቭ 2.3 ይወሰዳል። አንባቢ በወረቀት ላይ «ለ = 1» ብሎ ቢሞክር በቅንፉ ውስጥ ያለው ሁሉ ተቃልሎ «ድርሻ» ብቻ ይቀራል። ይኸውም የአንድነት ሞዴሉ ራሱ ነው። ስለዚህ «ለ» ከ1 ምን ያህል እንደሚርቅ ስናይ ቫልቩ ሁለቱን ምን ያህል እንደሚያጋጫቸው እናነብባለን።

ለምሳሌያችን ግሎብ ቫልቭ ማባዣው 2.15 ገደማ ይሆናል፤ ቅነሳውም 11.1 ኪሎፓስካል ነው። ለጌት ቫልቩ ማባዣው 1.75 ነው፤ ቅነሳውም ከ0.2 ኪሎፓስካል በታች ይቀራል።

ልዩነቱ በጀሪካን ሲቆጠር

አሁን እነዚህን ቁጥሮች ወደ አንድ መስመር እናምጣቸው። ከተዳፋት ላይ ከተጠለለ ምንጭ ወደ ቦኖ በሚወርድ መስመር ላይ ሦስት ግሎብ ቫልቮች ተገጥመዋል እንበል። የቧንቧው ሰበቃ ሁሉ ከተቀነሰ በኋላ ለቫልቮቹ የቀረው ግፊት የ2.5 ሜትር ውኃ፣ ማለትም 24.5 ኪሎፓስካል ነው። ሦስት መሐንዲሶች በሰከንድ 2 ሊትር ይደርስ እንደሆነ ቢጠየቁ የሚከተለውን ይመልሳሉ።

የመጀመሪያው አየሩን ይረሳል፦ 3 × 5.2 = 15.6 ኪሎፓስካል። «ከበቂ በላይ ነው» ይላል።

ሁለተኛው በአንድነት ሞዴል ያሰላል፦ 3 × 7.8 = 23.4 ኪሎፓስካል። «ለጥቂት ይበቃል» ይላል።

ሦስተኛው በቺዝም ማባዣ ያሰላል፦ 3 × 11.1 = 33.3 ኪሎፓስካል። «አይበቃም» ይላል።

ሦስተኛው ትክክል ከሆነ ፍሰቱ መቀነስ አለበት። ቅነሳው ከፍሰቱ ካሬ ጋር ስለሚሄድ፣ ለቀላልነት የቧንቧውን ሰበቃ እንዳለ ብንተወው፣ ፍሰቱ የ24.5 ÷ 33.3 ስኩዌር ሩት ያህል፣ ማለትም ወደ 86 በመቶ ይወርዳል። በሰከንድ 2 ሊትር ለ12 ሰዓት ሲፈስ 4320 ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ይሞላል። 86 በመቶው ወደ 3700 ነው። ከ600 በላይ ጀሪካን ሳይሞላ ይመሻል፤ እነዚያም ጀሪካኖች በሰልፉ መጨረሻ የቆሙት ሰዎች ናቸው።

መፍትሔው ምንጭ መጨመር ወይም ቧንቧ ማስፋት ላይሆን ይችላል። ሦስቱ ግሎብ ቫልቮች ለመክፈትና ለመዝጋት ብቻ የተገጠሙ ከሆነ በጌት ቫልቭ ቢተኩ አጠቃላይ ቅነሳቸው ከነአየሩ 0.55 ኪሎፓስካል ገደማ ብቻ ይሆናል። ግሎብ ቫልቭ ቦታው ፍሰቱን መጥኖ መልቀቅ የሚያስፈልግበት ነው። ሌላው መፍትሔ አየሩ ከቫልቩ ሳይደርስ በጉብታው አናት ላይ ማስወጣት ነው። ለዚህ የሚሠራው የአየር ማስወጫ ቫልቭ አሠራሩ ቀላል ነው፤ በውስጡ ተንሳፋፊ ኳስ አለ፤ አየር ሲከማች የውኃው ወለል ይወርዳል፣ ኳሱም አብሮ ወርዶ ቀዳዳውን ይከፍታል፤ አየሩ ወጥቶ ውኃው ሲደርስ ኳሱ ተንሳፍፎ ይዘጋዋል። መስመሩ ሲራገፍ ደግሞ አየር አስገብቶ ቧንቧው ወደ ውስጥ እንዳይጨፈለቅ የሚጠብቅ ዓይነትም አለ።

ጥምር ፍሰት ሲታነቅ

እስካሁን ግፊቱን ከቫልቩ በኋላ ባወረድነው ቁጥር ፍሰቱ እንደሚጨምር አድርገን ተነጋግረናል። ጥምር ፍሰት ግን ወሰን አለው፤ ወሰኑም አስገራሚ ነው። ድምፅ በውኃ ውስጥ በሰከንድ 1480 ሜትር ገደማ፣ በአየር ውስጥ 340 ሜትር ገደማ ይጓዛል። ውኃና አየር በይዘት እኩል ሲደባለቁስ? አንባቢ በሁለቱ መካከል ያለ ቁጥር ይገምት ይሆናል። እውነታው ግን በመደበኛ የከባቢ አየር ግፊት ከ20 እስከ 24 ሜትር በሰከንድ መሆኑ ነው። ድብልቁ እንደ አየር በቀላሉ ይጨመቃል፤ እንደ ውኃ ደግሞ ይከብዳል፤ ለስላሳና ከባድ ነገር ደግሞ ድምፅን ቀስ ብሎ ያስተላልፋል።

በጉሮሮው ያለው ፍጥነት ከድምፁ ፍጥነት ጋር ሲተካከል፣ ከቫልቩ በኋላ ያለው የግፊት ለውጥ ወደ ኋላ ተመልሶ ወሬውን ሊያደርስ አይችልም። ከዚያ በኋላ ግፊቱን የቱንም ያህል ብናወርድ ፍሰቱ አይጨምርም። ፍሰቱ ታነቀ እንላለን። በምሳሌያችን ሁኔታ የድምፅ ፍጥነቱ በሰከንድ 27 ሜትር ገደማ፣ የድብልቁ ፍጥነት በቧንቧው ውስጥ 1.5 ሜትር ስለሆነ ክፍት ቫልቭ ከአደጋው ሩቅ ነው። ሊዘጋ ጥቂት የቀረው ቫልቭ ግን ሊታነቅ ይችላል።

ይህ ጉዳይ በአገራችን በከፍተኛ ደረጃ የሚታየው በስምጥ ሸለቆ፣ በአሉቶ ላንጋኖ የእንፋሎት ኃይል ማመንጫ ነው። በአሉቶ እ.ኤ.አ. ከ1981 እስከ 1985 ባለው ጊዜ ስምንት ጥልቅ ጉድጓዶች ተቆፍረው፣ ከ300 ዲግሪ ሴልሺየስ በላይ የሆነ ሙቀት ተገኝቷል። በእነዚሁም ላይ የተመሠረተው፣ በአገሪቱ የመጀመሪያ የሆነው የከርሰ ምድር እንፋሎት ማመንጫ በ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጨረሻ ተተከለ። እንዲህ ካለ ጉድጓድ የሚወጣው ውኃና እንፋሎት ተደባልቆ ነው። በጉድጓዱ አፍ ያለው ቫልቭ የሚቆጣጠረውም ጥምር ፍሰትን ነው።

እዚህ ላይ ከንፋስ መውጫው ምሳሌ የሚለየን አንድ ነገር አለ። አየር በቫልቩ ውስጥ ይሰፋል እንጂ መጠነ ቁሱ ብዙም አይለወጥም። የፈላ ውኃ ግን በቫልቩ ውስጥ ሳለ አዲስ እንፋሎት ይፈጥራል። ለአብነት በ8 ባር ግፊት ለመፍላት የደረሰ ውኃ በቫልቭ አልፎ ወደ 4 ባር ቢወርድ ከመጠነ ቁሱ 5 በመቶ ገደማ ወደ እንፋሎት ይለወጣል። ያ 5 በመቶ በይዘት ሲለካ ከጠቅላላው 96 በመቶ ይይዛል። የጋዙ ድርሻ በቫልቩ ውስጥ እየተለወጠ ስለሚሄድ ከላይ ያየነው አንድ እርምጃ ስሌት እዚህ አይሠራም። ስሌቱ በግፊት ደረጃ በደረጃ መሠራት፣ በየደረጃውም መታነቅ መድረስ አለመድረሱ መፈተሽ አለበት።

ግምቱን ምን ያህል እንመነው?

በጥምር ፍሰት ስሌት ከእውነታው 30 በመቶና ከዚያም በላይ መራቅ የተለመደ ነገር ነው። ይህ የተማሪው ስንፍና አይደለም፤ አረፋው ደቃቅ ይሁን ጥቅል፣ ቫልቩ በቀጥተኛ ቧንቧ ላይ ይሁን ከማጠፊያ በኋላ፣ ሁሉም ውጤቱን ይለውጣል። ስለሆነም አንድ ቁጥር ብቻ ከማቅረብ ይልቅ ሁለት ቁጥሮችን ማቅረብ ይገባል፤ የአንድነት ሞዴሉን እንደ ታችኛው፣ የቺዝምን ማባዣ እንደ ላይኛው ግምት። ሁለቱም «ይበቃል» ካሉ እንተኛለን። ሁለቱም «አይበቃም» ካሉ ንድፉን እንለውጣለን። በምሳሌያችን እንዳየነው ከተለያዩ ግን ከማስላት ወደ መለካት መሄድ አለብን፤ ወይም ቫልቩን ለውጠን ከጥርጣሬው መውጣት አለብን።

ማጠቃለያ

ከዚህ ጽሑፍ አንባቢ አንድ ነገር ብቻ ይዞ ቢሄድ ይበቃናል። በጥምር ፍሰት ውስጥ ጋዝን በሚዛን ሳይሆን በሚይዘው ቦታ መቁጠር ይገባል። ከሺህ አንድ የሆነ አየር የግሎብ ቫልቭን የግፊት ቅነሳ ከእጥፍ በላይ ሊያሳድግ እንደሚችል አይተናል። ከፍታ ይህን ያባብሰዋል፤ ተገቢ የቫልቭ ምርጫ ደግሞ ያቀልለዋል። ቧንቧም እንደ ከተማዋ ሁሉ የራሱ ንፋስ መውጫ ያስፈልገዋል፤ የት ላይ እንደሚያስፈልገው የሚነግረን ደግሞ ስሌት ነው።

መልመጃ

1. በምሳሌያችን የአየሩ ፍሰት በሰከንድ ከ1 ሊትር ወደ ግማሽ ሊትር ቢቀንስ የግሎብ ቫልቩ ማባዣ በሁለቱ ዘዴዎች ስንት ይሆናል? (መልስ፦ በአንድነት ሞዴል 1.25፣ በቺዝም 1.57 ገደማ።)

2. ያው መስመር በ1800 ሜትር ከፍታ ላይ፣ የከባቢ አየሩ ግፊት 81.5 ኪሎፓስካል በሆነበት ቦታ ቢሆንና በየሰከንዱ የሚያልፈው አየር ያው 2 ግራም ገደማ ቢሆን በአንድነት ሞዴል ማባዣው ስንት ይሆናል? (መልስ፦ 1.47 ገደማ።)

3. በአካባቢያችሁ ካለ ቧንቧ ነጭ ውኃ በብርጭቆ ቅዱ። ነጭነቱ የሚጠራው ከታች ወደ ላይ ነው ወይስ ከላይ ወደ ታች? ለምን? መልሱን በአረፋዎቹ እንቅስቃሴ አስረዱ።